በግ ሸጠው በሞባይል ሲከፈልዎት፣ የገዢው ስልክ ላይ የሚታየው ደረሰኝ በቂ ነው?

አይደለም። ደብረ ብርሃን በግ ገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ይኸው ነው። ክፍያ ተፈጸመ የሚባለው ብሩ በራስዎ ሂሳብ ሲታይ ነው። የገዢው ምስል ሊቀነባበር ይችላል፤ የትናንት ደረሰኝም ሊሆን ይችላል።

በጉ 9,000 ብር ተሸጠ እንበል። ቀድሞ 1,200 ከነበረዎት ቀሪ ሂሳብዎ 10,200 መሆን አለበት። ቴሌብር ከሆነ በ*127#፣ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# ይዩት፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከግል ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክትማ ጭራሽ አይታመንም።

በራስዎ ሂሳብ ማረጋገጡ አያጠያይቅም። የሚለያየው ብሩ የሚገባበት ፍጥነት ነው፦ በአንድ ባንክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይገባል፤ ከባንክ ወደ ባንክ ሲላክ ወይም ኔትወርክ ሲያስቸግር ሊዘገይ ይችላል። እስኪገባ የበጉን ገመድ አይልቀቁ። ከገዢው ተቀንሶ እርስዎ ጋ ካልደረሰ፣ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ባንኩን መጠየቅ ያለበት ገዢው ነው።