የርኅራኄ ዝለት ምንድን ነው? የቤተሰብ ጉዳይ ለያዘ ጠበቃ

የርኅራኄ ዝለት ማለት የሰው መከራ ቀን ከሌት ሲሰሙ ኖሮ ለማዘን አቅም ማጣት ነው። ባለጉዳይዋ ፊታችሁ ቁጭ ብላ ስታለቅስ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያላችሁ ሰዓት ማየት ትጀምራላችሁ። ቤት ገብታችሁ ደግሞ ልጃችሁ ሲያለቅስ ትቆጣላችሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል።

ነገሩ በስሙ ተጠርቶ ቀደም ብሎ የተጻፈው ስለ ነርሶች ነበር፤ ካርላ ጆይንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 በነርሶች መጽሔት ላይ አነሣችው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቻርልስ ፊግሊ የተባለ ምሁር የተጎዱ ሰዎችን የሚረዳ ሁሉ እንደሚያገኘው አስፍቶ አሳየ። የተጎዳን ሰው በመርዳት ብቻ፣ እናንተን ማንም ሳይነካችሁ፣ ጉዳቱ ለእናንተም ይተርፋል ነው ነገሩ። የፍቺ፣ የቀለብና የልጅ አሳዳጊነት ክርክር የያዘ ጠበቃ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሰማው የተጎዱ ሰዎችን ታሪክ ነው።

በሥራ ከመዛል ጋር ግን አታምታቱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን ከሥራ ሁኔታ የሚመጣ ክስተት ብሎ ነው የመዘገበው፣ በሽታ ነው አላለም። እሱ ከቀጠሮ መብዛት፣ ካልተከፈለ ክፍያ፣ ከመዝገብ ክምር ይመጣል። የርኅራኄ ዝለት የሚመጣው ከምትሰሙት ታሪክ ነው፤ ሥራ ባልበዛበት ሳምንት እንኳ አንድ ከባድ መዝገብ ሊጥላችሁ ይችላል።

እኛ አገር፣ ሰሜን ሸዋ ላይ፣ ይህ ለምን ይከብዳል? ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጥያቄ የሚሄደው ለሽማግሌዎች ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከዚያም የክልላችን የአማራ አዋጅ 79/1995፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጡ። ለውጡ ትክክል ነው፤ ስንት ሴት «ታገሺ፣ ለልጆችሽ ብለሽ» እየተባለች ወደ ዱላ ተመልሳለች። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ተከፋፍለው ይሰሙት የነበረው ብሶት አሁን በአብዛኛው የሚራገፈው በጠበቃው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከመንዝ የመጣችውን ሴት አስቡ። ደብረ ብርሃን የገባችው ትናንት ማታ ነው፣ ዘመድ ቤት አድራለች፣ ብርዱ ስላልተስማማት ጋቢዋን አላወለቀችም። ከብብቷ ፌስታል አውጥታ የመሬት ደብተሯን ትዘረጋለች። የሷም የባሏም ስም አለበት። እናንተ የደብተሩን ፎቶ ኮፒ፣ የጋብቻውን ማስረጃ፣ የልጆቹን ዕድሜ ነው የምትፈልጉት። እሷ ግን የምትጀምረው ከመጀመሪያው ጥፊ ነው፣ ከዚያ በጎቹ እንዴት ተነድተው እንደተሸጡ፣ ከዚያ ትንሿ ልጅ ማታ ማታ እንዴት እንደምትባንን ትነግራችኋለች፣ ማቋረጥም አይቻልም፣ ምክንያቱም እስካሁን እስከ መጨረሻው የሰማት ሰው የለም።

ሌላው ክብደት ከተማው ትንሽ መሆኑ ነው። ጠዋት ችሎት ላይ የተከራከራችሁትን ባል ከሰዓት ልቅሶ ቤት ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዴ የእድራችሁ አባል ነው። እናቱ «ልጄን ቤቱን አፈረስክበት» ትላችኋለች። ሸክሙን ለሰው እንዳታካፍሉ ደግሞ የባለጉዳይ ምስጢር አለ። ለባልደረባ ስታማክሩም ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም። «ከመሐል ሜዳ የመጣች፣ ባሏ ሾፌር የሆነ» ካላችሁ ሰው ያውቃታል። ስለዚህ አገሩንም፣ የባሏን ሥራም፣ የልጆቹን ቁጥርም ትታችሁ እናንተ ላይ የደረሰውን ብቻ ተናገሩ። «ዛሬ የሰማሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ» በቂ ነው። እንዲህ የምትባባሉት አንድ የሙያ ጓደኛ ያስፈልጋችኋል።

መፍትሔው ልብን ማጠንከር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ልቡን የዘጋ ጠበቃ ባለጉዳዩ ያልተናገረችውን አይሰማም፣ ዱላው እንዳልቆመ ከዓይኗ ማንበብ ይሳነዋል፣ ማስረጃውም ያመልጠዋል። ታንያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሌላውን ሕመም አብሮ መታመም እና ለታመመው መልካም ተመኝቶ ለመርዳት መነሣት በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ያደክማል፤ ሁለተኛው በልምምድ ሊዳብር ይችላል፣ ስሜትንም ያበረታል።

ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ይህ ምን ይመስላል? ታሪኩን አንዴ በደንብ ስሙ፣ ጻፉት፣ ድጋሚ አታስነግሯት። ከዚያ ራሳችሁን «ለዚህች ሴት ዛሬ የማደርግላት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍርድ ቤት የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ድረስ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። የእሱን ማመልከቻ ዛሬውኑ ጻፉ። በጎቹ ተሸጠው ሳያልቁ የተገኘ ትእዛዝ አብሮ ከማልቀስ እጅግ ይበልጣል። ስልክም ወሰን አብጁለት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚደወለው አብዛኛው ነገር እስከ ጠዋት ይቆያል። ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ግን መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ እንድትሄድ ቀድማችሁ ንገሯት።

ወኔ የሚመለሰው ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ ነው። እኛ ጠበቆች የምናየው ጠቡን ነው፤ ከፍርድ በኋላ ያለውን አናይም። ስለዚህ አፈጻጸሙን ተከታተሉ። ቀለቡ ከአባትየው የፋብሪካ ደመወዝ ላይ ተቆርጦ እጇ ገባ ወይ? ልጅቷ ትምህርት ቤት ተመለሰች ወይ? መዝገቡ ከተዘጋ ከወራት በኋላ ደውላችሁ ጠይቁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብተር ገዛሁላት» የምትል ድምፅ ለሚቀጥለው መዝገብ ጉልበት ትሆናለች።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ መጠጥ ካበዛችሁ፣ ወይም ቅዠቱ የባለጉዳዩ ታሪክ ከሆነ ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሩ። ጠበልና ጸሎትም አብሮ ይሄዳል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አንድ መዝገብ ብቻ ከሆነ የከበዳችሁ፣ ባለጉዳይዋን አስፈቅዳችሁ ለሌላ ጠበቃ አስተላልፉ። ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ግን አታድርጉት፤ አዲሱ ጠበቃ መዝገቡን የሚያነብበት ጊዜ ይፈልጋል። ማስታወሻችሁንም አሟልታችሁ አስረክቡት፣ እሷ ከጥፊው ጀምራ እንደ አዲስ እንዳትናገር።