ፒስተኑን ቀየርን፣ ጉልበት አገኘን? ስለ አሮጌ ሞተር የሚወራውና እውነታው

አዳማ ውስጥ የአሮጌ ጭነት መኪና የቤንዚን ሞተር ወርዶ ሲታደስ፣ «እግረ መንገዳችንን ፒስተኑን ቀይረን ኮምፕሬሽኑን (ሞተሩ አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበትን መጠን) ከፍ እናድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አብሮት የሚወራው ነው ጉዱ።

«ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል።» አይሆንም። ሬሾው፣ ማለትም ድብልቁ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚናገረው ቁጥር፣ ከ6.7 ወደ 8 ቢያድግ ጭማሪው በስሌት 7 በመቶ ገደማ ነው። ከዕድሳት በኋላ መኪናው የሚነቃው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በአዲሱ ፋሻ (በፒስተኑ ቀለበት) እና በደንብ በሚዘጋው ቫልቭ ነው።

«የፒስተኑ ካርቶን ላይ 8 ከተባለ 8 ነው።» ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ነው። የእኛው ስንት ጊዜ ተፍቆ እንደሳሳ ማን ያውቃል? 640 ሲሲ ሲሊንደር ላይ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ 91 ሲሲ ከሆነ ሬሾው 8 ነው። 81 ከሆነ ግን 9 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ይለካ። ቫልቭና ካንዴላው እንደተገጠመ ቴስታታውን ገልብጡት። ጠርዙን ግራሶ ቀብታችሁ ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ክደኑት፤ ከዚያ በስሪንጅ ነጭ ጋዝ እየለካችሁ ሙሉት። የጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረትና የፒስተኑ አናት ቅርጽም ሒሳቡ ውስጥ ይገባል።

«አዳማ ከፍታ ላይ ናት፣ አያንኳኳም።» ማንኳኳት ማለት ድብልቁ በግፊትና በሙቀት ራሱ ሲቀጣጠል ከሞተሩ የሚሰማው ድምፅ ነው። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለሉ በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ጭናችሁ ወደ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚሌ ስትወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይከፋል፣ አዳማ ላይ የተስተካከለው ካርቡራተርም ለዚያ አየር ቤንዚን ያሳንሳል። ሦስቱ ተባብረው ያስንኳኩታል። ሬሾ የሚመረጠው መኪናው ለሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ጋራዥ በር ላይ አስነስቶ «ሰማህ? ጸጥ ያለ ነው» ማለት ዋጋ የለውም።

በዚያው ልክ የኮምፕሬሽን መለኪያው ጌጅ ዝቅ ሲል «ሞተሩ አልቆለታል» የሚሉም አሉ። በባሕር ጠለል 130 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዳማ ላይ 107 አካባቢ ቢያሳይ አይግረማችሁ። ይልቅ ሲሊንደሮቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ እዩ።

«የድሮ ብረት ሁሉን ይችላል» ለሚለው፣ ብሎኩስ ይችል ይሆናል፤ ብሮንዚኑስ (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ)? በፈረንጆች እስከ 1953 የተሠራው ሼቭሮሌት 216 ሞተር የፒስተን ዘንጎቹ ብሮንዚን ቀልጦ የፈሰሰ ለስላሳ ብረት ነው፤ ዘይትም የሚደርሰው በግፊት ሳይሆን በርጭት ነው። እኔ ብሆን የእሱን ኮምፕሬሽን አልነካም። ከ1954 ወዲህ ያለው የጭነት መኪና 235 ግን ዘይቱን በግፊት ያገኛል፤ የ1954ቱም ከፋብሪካ በ7.5 ሬሾ ነው የወጣው።