ከክፍል ውጭ ትምህርት በጅማ

ከክፍል ውጭ ትምህርት የሚባለው፣ የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ልጆች ዕፅዋትን፣ ነፍሳትን፣ አፈርንና ውኃን በቦታቸው እያዩና እየነኩ የሚማሩበት ዘዴ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮብል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 በጀርመን «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» ብሎ የሰየመው ትምህርት ቤት ከዘዴው ቀደምት መነሻዎች አንዱ ነው፤ ልጆች በጫካ የሚውሉባቸው የዴንማርክ መዋዕለ ሕፃናት የመጡት በ1950ዎቹ ነው። ከብት እየጠበቀ ላደገ ልጅ ግን ሜዳው ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆንበት መምህሩ አብሮት ሲወጣ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጅማ ለዚህ የተመቸች ናት። ዝናቧ ብዙ ነው፤ ዋንዛው፣ ብሳናውና ሳሳው ከቡናው በላይ ጥላ ዘርግተው ይታያሉ። ልጆቹ ዋንዛን «ወዴሳ»፣ ብሳናን «በከኒሳ» ብለው በአፋን ኦሮሞ ከቤታቸው ያውቋቸዋልና፣ ሁለቱንም ስም ማስጠራት ለመምህሩ ጥሩ መነሻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መማሪያ ግን ቡናው ነው። ልጁ ቀዩን እሸት በጣቶቹ ሲጨምቀው፣ ፊት ለፊት የተጣበቁ ሁለት ፍሬዎች ሙልጭ ብለው ይወጣሉ፤ ልጣጩን ቢቀምሰው ይጣፍጠዋል፣ እጁም ይጣበቃል። ዘሩ ተተክሎ ሳምንታት ሲቆጠሩ ቡቃያው ፍሬውን ከነገለባው በአናቱ ተሸክሞ ከአፈር ይወጣል፤ ቆይቶም ገለባው ወልቆ ሁለት ክብ ቅጠሎች ይዘረጋሉ። ይህን በሥዕል ከማሳየት በጣሳ ተክሎ ማስጠበቅ ይሻላል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ይቀላል፤ በበልጉ መግቢያ፣ ዝናብ ጠብ ባለ በሳምንቱ ገደማ ነጩ አበባ ይፈነዳና በጥቂት ቀናት ይረግፋል። ስለዚህ የትምህርት ዘመኑ ፍሬውን አስቀድሞ አበባውን ያስከትላል፤ አንደኛ ክፍል ያዩት አበባ ፍሬው የሚቀላው ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ ነው።

ውኃውን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ የከተማው ቆሻሻ ስለሚደርሰው፣ ዳር ቆሞ ማየት እንጂ ልጆችን ማስነካት አይመከርም። የቦዬ ረግረግ ለወፍ ማየት እጅግ ተስማሚ ቢሆንም ጉማሬ ስላለበት ከሩቅ ነው የሚታየው። ክፍሉ ከሃምሳ ተማሪ በላይ ከሆነ አንድ መምህር ብቻውን ይዞ ሊወጣ አይችልም፤ በቡድን ከፍሎ፣ ወላጅ ጨምሮ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ዝናብ ሳይጠብቅ በጠዋት መውጣት ይኖርበታል።