ፓውደር ኮት ለሞተር ሳይክል፦ ከቀለሙ በፊት አጨራረሱ
ፓውደር ኮት በዱቄት የሚቀባ ቀለም ነው። ዱቄቱ በመርጫው ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይይዝና በምድር ሽቦ በተያያዘው ብረት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ዕቃው ፎርኖ ይገባል። ብረቱ ራሱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ 10 ወይም 20 ደቂቃ ሲቆይ፣ ዱቄቱ ቀልጦ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። አገር ቤት በብዛት የምናየው በአሉሚኒየም በርና መስኮት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሞተራቸውን በራሳቸው ምርጫ የሚያሠሩ ሰዎች ግን ከሻንሲ እስከ ቸርኬ ይጠቀሙበታል።

ቀቢ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የቀለም ናሙና ነው። እኔ ግን ቀለም ሁለተኛ ነው ባይ ነኝ። ራል በሚባለው የቀለም ቁጥር መለያ 9005 የሆነው ጥቁር አንፀባራቂ፣ ሳቲን (በከፊል የሚያንፀባርቅ)፣ ማት (የማያንፀባርቅ) ወይም ሸካራ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ቀለም ናቸው ብሎ ማመን ይቸግራል። ጠባያቸውም ለየቅል ነው።

አንፀባራቂው ለማጽዳት ይመቻል። ጭቃውም ዘይቱም በጨርቅ ይለቃል። ነገር ግን ምንም አይደብቅም፤ ከሥሩ የቀረ የሞረድ ጭረት ወይም ያልተስተካከለ ብየዳ ካለ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ማት ይህን ያለዝበዋል። ችግሩ የእጅ ቅባት ይይዛል፤ ጫማ ወይም ሱሪ እየታከከው ካበራም በፖሊሽ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ እጅና እግር ለሚበዛበት ዕቃ ሳቲን ይሻላል። ሸካራው ብየዳ ለበዛበት ሻንሲ ጥሩ ነው። ሽፋኑ ሆን ተብሎ የተጨማደደው ደግሞ ለሞተር ክዳን ያምራል፤ ሽብሽቡ ውስጥ የገባ ቆሻሻ ግን ያለ ብሩሽ አይወጣም።

ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው ካንዲ የሚባለው ነው። መጀመሪያ ብርማ መሠረት ይቀባል፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይደረባል። የላይኛው ሽፋን በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል። አንድ ቸርኬ እንይ። ዱቄቱ ወደ ጥልቅ ማዕዘን መግባት ስለሚከብደው እዚያ ሳስቶ ይነጣል፤ ውጪው ጠርዝ ላይ ደግሞ ይከማቻል። ጥቁር ላይ የማይታወቅ ልዩነት እዚህ ጎልቶ ይወጣል። ካንዲ የመረጠ ሰው ዕቃዎቹን በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ያስቀባ።

የዱቄቱም ዓይነት መጠየቅ አለበት። ኤፖክሲ የሚባለው ዱቄት ዝገትን አጥብቆ ይከላከላል፤ ፀሐይ ላይ ግን ደብዝዞ እንደ ጠመኔ ይቦናል። ቦታው ከሥር ነው፤ ከላይ ፖሊስተር የሚባለው ዱቄት ይሁን። ማርሚታና የጭስ ቱቦ ላይ ተራ ፖሊስተር ይቃጠላል። ለእነሱ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ዱቄት ወይም ሴራሚክ ያስፈልጋል፤ የቀለም ምርጫውም ጠባብ ነው።

ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመፍሰስ የተሠራ አሉሚኒየም ውስጡ የታመቀ አየርና ዘይት ይኖረዋል። ፎርኖ ሲገባ ይህ ይወጣና ሽፋኑን ይበሳሳዋል። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት ባዶውን መጋገር አለበት። አንፀባራቂ አጨራረስ ላይ አንዲት ቀዳዳ እንኳ ታስታውቃለች።

ሽፋኑ ውፍረት እንዳለው አይረሳ፤ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ኩሽኔታ የሚገባበት ቦታ፣ የቡሎን ጥርስና የፍሬን ዲስክ መቀመጫ መሸፈን አለባቸው። የምድር ሽቦ የሚታሰርበትም እንዲሁ፤ ከተቀባ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሻንሲ ቁጥሩ በቀለም ተሞልቶ እንዳይጠፋም ለቀቢው አስቀድሞ መንገር ነው።

የቤንዚን ታንክ አብዛኛውን ጊዜ ስቱኮ አለበት። ተራ ስቱኮ የፎርኖውን ሙቀት ስለማይችል ታንኩ በፈሳሽ ቀለም ይቀባል። ከሌላው ጋር እንዲመሳሰል ከተፈለገ ፓውደሩ ይቅደም። ፈሳሽ ቀለም እየተቀላቀለ ይስተካከላል፤ ሁለት ዱቄት ቢቀላቀል ግን ዝንጉርጉር ይሆናል። የተቀባ ቁራጭ ለታንክ ቀቢው ወስዶ መስጠት ይበቃል።