ቄስ ሼፈር ማዕረጋቸው ለምን ተመለሰላቸው?

«ጥፋተኛ ከተባሉ እንዴት ተመለሱ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም እየመጣ ነው። ፍራንክ ሼፈር ዩናይትድ ሜቶዲስት የተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አሜሪካዊ ቄስ ናቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ወንድ ልጃቸውን ከወንድ ጋር አጋቡ። የግዛቱ ሕግ ይፈቅዳል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ደንብ ግን ይከለክል ነበር።

በ2013 የቤተ ክርስቲያን ችሎት ለ30 ቀን አገዳቸው። «ወደፊት ደንቡን ሙሉ በሙሉ አከብራለሁ ካላሉ ማዕረጉን ይተዉ» ተባሉ። አሻፈረኝ ሲሉ ተነጠቁ።

በ2014 ይግባኝ ሰሚው ማዕረጉን መለሰላቸው። ልብ በሉ፣ ጥፋተኛ አይደሉም አላለም፤ እገዳውንም አልሻረም። የሻረው ገና ላልተሠራ ጥፋት የተጣለውን ቅጣት ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ሰው የሚቀጣው ላደረገው ነውና።

ይህ የአንድ ቤተ እምነት ጉዳይ ነው፤ ሌሎቹ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሜቶዲስቶቹም ክልከላውን በ2024 አንስተውታል።