የላቲን ኤፒክ ምንድን ነው?

የላቲን ኤፒክ ማለት የጥንት ሮማውያን በቋንቋቸው የጻፉት ረጅም ተረክ ያለው ግጥም ነው። አንዱ ግጥም ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ስንኝ አለው። ጀግና አለ፣ ጦርነት አለ፣ የባሕር ጉዞ አለ፣ አማልክትም በሰው ጉዳይ እየገቡ ያምሳሉ። ትርጉሙ ይኼው ነው። ግን በዚህ ብቻ ካለፍነው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ለእኔ ዋናው ነገር ከእነዚህ ገጣሚዎች አንዳቸውም ከባዶ አለመነሳታቸው ነው። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የነበረውን ገጣሚ ያነሳል፣ ስንኙን ይወስዳል፣ ይለውጠዋል፣ በራሱ ግጥም ውስጥ መልስ ይሰጠዋል። ቀጣዩ ደግሞ ለእሱ ይመልስለታል። ይኼን መመላለስ ያልተከታተለ ሰው ኤፒክን ሲያነብ ግማሹን ነው የሚያነበው።

ነገሩ የጀመረው በትርጉም ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ሊቪዩስ አንድሮኒኩስ የሚባል፣ በባርነት ወደ ሮም እንደመጣ የሚነገርለት ግሪካዊ የጥንቱን የግሪክ ገጣሚ የሆሜርን ኦዲሲ ወደ ላቲን መለሰው። ከዚያ ኔቪየስ መጣና ራሱ በዘመተበት በመጀመሪያው የካርቴጅ ጦርነት ላይ ገጠመ። ሦስተኛው ኤንኒዩስ ነው። ግሪክኛ፣ ኦስካንኛና ላቲን ስለሚችል «ሦስት ልብ አለኝ» ይል ነበር ይባላል። የሮምን ታሪክ በ18 መጻሕፍት (የግጥሙ ክፍሎች እንዲህ ይባላሉ) ገጠመው። ሆሜር በሕልሙ መጥቶ ነፍሱ በእሱ እንዳደረች እንደነገረውም እዚያው ግጥሙ ላይ ይተርካል። ትልቅ ድፍረት ነው። የሚያሳዝነው ግን ከዚያ ሁሉ ዛሬ የቀረን 600 ስንኝ አካባቢ ብቻ መሆኑ ነው፣ እሱም ቁርጥራጭ።

ኤንኒዩስ ለላቲን ኤፒክ ያመጣለት ትልቁ ነገር የግሪኮቹን የግጥም ምት ነው፤ ሄክሳሜትር ይባላል። የአማርኛ ግጥም ቤት ይመታል፣ ይኼኛው ግን ቤት አይመታም። እዚህ ሥራውን የሚሠራው የድምፁ መርዘምና ማጠር ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ምት አለው፤ አንዱ ምት ወይ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር ነው፤ ወይ ረጅም፣ ረጅም። ገጣሚው አጫጭሮቹን ሲያበዛ ስንኙ ይሮጣል፣ ረጃጅሞቹን ሲደረድር ደግሞ ይጎተታል። ፈረሶች ሜዳውን ሲጋልቡበት የሚያሳየውን ይኼን የቨርጂል ስንኝ እዩት፦ «ኳድሩፔዳንቴ ፑትሬም ሶኒቱ ኳቲት ኡንጉላ ካምፑም»። ላቲን ባትችሉም አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ኮቴው ይሰማችኋል።

ቨርጂልን ካነሳን እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ70 ዓ.ዓ. በሰሜን ጣሊያን፣ ማንቱዋ አጠገብ ተወለደ። ወጣትነቱን ያሳለፈው ሮማውያን እርስ በርስ ሲጨራረሱ፣ የገበሬ መሬት እየተነጠቀ ለተሰናባች ወታደር ሲታደል እያየ ነው። በ31 ዓ.ዓ. ኦክታቪያን አክቲየም ላይ አንቶኒንና ክሊዮፓትራን አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ አውግስጦስ ተባለ። በሉቃስ ወንጌል ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ያወጣው አውግስጦስ ቄሣር ይኼው ሰውዬ ነው። ቨርጂል ትልቁን ግጥሙን፣ ኤኔይድን፣ የጻፈው በዚህ ሰው ዘመን፣ ያ ሁሉ ደም ገና ሳይደርቅ ነው።

ኤኔይድ 12 መጻሕፍትና 9,900 ገደማ ስንኝ አለው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ትሮይ ተቃጠለች። የትሮይ ተዋጊው ኤኒያስ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ሸሸ፤ ሚስቱ ክሬውሳ በግርግሩ ጠፋች። ባሕር ለባሕር ተንከራቶ ካርቴጅ ደረሰ፣ ንግሥት ዲዶን ወደደ፣ ጥሏት ሄደ። ሙታን ወዳሉበት ዓለም ወርዶ አባቱን አገኘ። በመጨረሻ ጣሊያን ገብቶ ተዋጋ። የሮም ዘር የሚመዘዘው ከእሱ ነው ይላል ግጥሙ። ቨርጂል በ19 ዓ.ዓ. ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ ዛሬም ድረስ በግማሽ የቀሩ ከ50 በላይ ስንኞች አሉበት። አቃጥሉት ብሎ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። አውግስጦስ ግን ይታተም ብሎ አዘዘ። መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በፖምፔ ከተማ ግድግዳ ላይ ሰዎች የመክፈቻ ስንኙን ይጭሩት ነበር።

አሁን አንድ ቦታ ብቻ ጠጋ ብለን እንይ። በሁለተኛው መጽሐፍ ኤኒያስ ሚስቱን ፍለጋ ወደሚቃጠለው ከተማ ተመልሶ ይገባል። የሚያገኘው ግን ጥላዋን ነው፤ ሞታለች። ሦስት ጊዜ አንገቷን ሊያቅፍ ይሞክራል፤ ሦስት ጊዜ ከእጁ ታመልጣለች፣ እንደ ቀላል ነፋስ፣ እንደሚበርር ሕልም። በስድስተኛው መጽሐፍ ደግሞ አባቱን አንኪሴስን ከሙታን መሀል ያገኘዋል። ቨርጂል እዚህም ያንኑ ሦስት ስንኝ ቃል በቃል ይደግመዋል። ሚስቱንም አባቱንም ማቀፍ አልቻለም።

ይኼ ከየት መጣ? ከሆሜር። በኦዲሲ 11ኛው መጽሐፍ ኦዲሲየስ የሞተች እናቱን ሦስት ጊዜ ሊያቅፍ ይሞክራል፣ ሦስት ጊዜ እንደ ጥላ ትበናለች። ቨርጂል ወሰደው፤ ደግሞም ሮም ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ መውሰዱን ያውቃል። በሕይወት እያለም «ከሆሜር ሰረቀ» የሚሉት ነበሩ። የሰጠው መልስ ተመዝግቦልናል፦ የሄርኩለስን ዱላ መስረቅ ከሆሜር አንድ ስንኝ ከመስረቅ ይቀላል። እውነቱን ነው። ስንኙን ማንም ሊገለብጠው ይችላል፣ አዲስ ቦታ ላይ ሕይወት እንዲዘራ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ኦዲሲየስ ከእናቱ ተለይቶ ወደሚጠብቀው ቤቱ ይሄዳል። ኤኒያስ ቤት የለውም። ያንን የሆሜር ስንኝ ሁለት ጊዜ የሚኖረው ሁሉን ነገር ያጣ ስደተኛ ነው።

የዲዶ ነገርም እንዲሁ ነው። እሷም ከአገሯ የተሰደደች ሴት ናት፣ ከተማዋን ከምንም ተነስታ በዛሬዋ ቱኒዚያ የቆረቆረች። ኤኒያስ አማልክት አዘዙኝ ብሎ ሲሄድ በእሱው ሰይፍ ራሷን ታጠፋለች። በኋላ ከሙታን መሀል ሲያገኛት ያለቅሳል፣ ወድጄ አልነበረም ይላታል፣ ይለምናታል። አንዲት ቃል አትመልስለትም። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትቆምና ዞራ ወደ ቀድሞ ባሏ ትሄዳለች። ይኼም ከኦዲሲ የመጣ ነው፤ እዚያ ኦዲሲየስን ዘግቶ የሚሄደው አያክስ የሚባል ወታደር ነው፣ ቂሙም በሽልማት የተነሳ ነው። ቨርጂል ያንን ዝምታ ለተበደለች ሴት ሰጣት። ካርቴጅ ደግሞ የሮም የደም ጠላት ናት፤ በ146 ዓ.ዓ. ሮማውያን አፍርሰዋታል። የሮም ብሔራዊ ግጥም ከሁሉ የሚያሳዝነውን ቦታ ለጠላት ንግሥት መስጠቱ እስካሁን ይገርመኛል። በ354 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ አልጄሪያ የተወለደው ቅዱስ አውግስጢኖስ በተማሪነቱ ለዲዶ ሞት እንዳለቀሰ፣ ለራሱ ነፍስ ግን እንዳላለቀሰ በኑዛዜው ጽፏል።

ትልቁ ክርክር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። አባቱ ከሙታን ዓለም «የተንበረከከውን ማር፣ ትዕቢተኛውን ጣል» ብሎት ነበር። በ12ኛው መጽሐፍ መጨረሻ ጠላቱ ቱርኑስ ቆስሎ ወድቋል፣ እጁን ዘርግቶ ስለ ሽማግሌ አባቴ ብለህ ይላል። ኤኒያስ ያመነታል። ድንገት ቱርኑስ ትከሻ ላይ የፓላስን መታጠቂያ ያያል። ፓላስ ለኤኒያስ በአደራ የተሰጠው ልጅ ነበር፤ የገደለውም ቱርኑስ ነው። በንዴት ነዶ ሰይፉን ደረቱ ላይ ይተክላል። ግጥሙ እዚያው ላይ ያበቃል። ሠርግ የለም፣ እርቅ የለም። የመጨረሻው ስንኝ የሟቹ ነፍስ እያቃሰተችና እየተቆጣች ወደ ጥላዎች መውረዷን ይናገራል። ይኼው ስንኝ፣ ቃል ሳይቀየር፣ 11ኛው መጽሐፍ ላይ ለተዋጊዋ ለካሚላ ሞት ተነግሮ ነበር።

ታዲያ ኤኔይድ አውግስጦስን የሚያወድስ ነው ወይስ የሚያለቅስ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ «የሃርቫርድ ትምህርት ቤት» የተባሉ ምሁራን ከድሉ ሥር ያለውን ሐዘን አጉልተው አነበቡት። ሌሎች ደግሞ የሮምን ራእይ አሳንሳችኋል ብለው ተከራከሯቸው። እኔ ለመጀመሪያዎቹ አደላለሁ። ድል ብቻ ሊዘምር የፈለገ ሰው የመጨረሻውን ስንኝ ለተሸናፊው አይሰጥም። በ1428 እ.ኤ.አ. ማፌዮ ቬጂዮ የተባለ ጣሊያናዊ ይኼን መጨረሻ አልቻለውምና ሠርጉንም ሰላሙንም የያዘ 13ኛ መጽሐፍ በላቲን ጻፈለት። እሱም መልስ ነው።

ከቨርጂል በኋላ የመጡት ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጋገሩት። ኦቪድ በ15 መጻሕፍቱ ሜታሞርፎሲስ የኤኒያስን ጉዞ ሲያነሳ የዲዶን ታሪክ በአራት ስንኝ ብቻ ያልፈዋል፤ ያ እኮ ተነግሯል የሚል ይመስላል። ሉካን የዩልዮስ ቄሣርንና የጦር አለቃውን የፖምፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲገጥም አማልክቱን ከጨዋታ ውጭ አደረጋቸው፤ በ65 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በንጉሠ ነገሥቱ በኔሮ ትእዛዝ ራሱን አጠፋ። ስታቲየስ ደግሞ 12 ዓመት የለፋበትን ግጥም ሲጨርስ ለግጥሙ እንዲህ ይለዋል፦ ከመለኮታዊው ኤኔይድ ጋር አትወዳደር፣ ከሩቅ ተከተል፣ ዱካውን ሁሌ ስገድለት።

ከዚያ ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ ይመጣል። በግጥሙ ገሃነምንና መንጽሔን ሲያቋርጥ መሪ ያደረገው ቨርጂልን ነው። በመንጽሔ ሁለተኛ ካንቶ (ምዕራፍ እንደማለት ነው) ላይ ካሴላ የሚባል ሙዚቀኛ ወዳጁን ያገኛል። ሊያቅፈው ይሄዳል። ሦስት ጊዜ እጁን ይዘረጋል፣ ሦስት ጊዜ እጁ ወደ ገዛ ደረቱ ይመለሳል። ያው የቨርጂል ስንኝ ነው፤ ያውም ቨርጂል ራሱ አጠገቡ ቆሞ። ግን እዚህ ጥላው ፈገግ ይላል። ካሴላ የዳነ ነፍስ ነው፣ መንገዱ ወደ ገነት ነው። በቨርጂል እጅ መርዶ የነበረው በዳንቴ እጅ ተስፋ ሆነ። በ30ኛው ካንቶ ደግሞ የሚወዳት ቢያትሪቼ ስትመጣ ዳንቴ ደንግጦ «የድሮውን ነበልባል ምልክት አወቅኩት» ሊለው ወደ ቨርጂል ይዞራል። ይኼ ዲዶ የተናገረችው ቃል ነው። ቨርጂል ግን የለም። ሄዷል።

እኛም አገር ድረስ የመጣ አንድ ክር አለ። በ1572 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋሉ ገጣሚ ካሞይንሽ የቫስኮ ደ ጋማን ጉዞ በ10 ካንቶ ገጠመ። መክፈቻው የኤኔይድን መክፈቻ ይዞ ነው የሚነሳው፣ ጦርንና ጀግኖችን ብሎ። አንኪሴስ ለኤኒያስ ገና ያልተወለዱ ሮማውያንን ያሳየዋል፤ ከመሀላቸው በወጣትነቱ የሚቀጠፈው የአውግስጦስ የእህት ልጅ ማርሴሉስ አለበት። ካሞይንሽ ይኼን ወሰደ። በ10ኛው ካንቶ ቴቲስ የተባለችው የባሕር አምላክ ለቫስኮ ዓለሙን ስታሳየው የኢትዮጵያ ምድር ላይ ደርሳ፣ በዚህ ሩቅ አገር ልጅህ ክሪስቶቫው ከቱርኮች ጋር ተዋግቶ ስም ያተርፋል፣ ሞትን ግን የሚመልሰው የለም ትለዋለች። ክሪስቶቫው ደ ጋማ በ1541 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ወርዶ፣ በ1542 ከግራኝ አህመድ ጦር ጋር ተዋግቶ ተማርኮ የተገደለው ሰው ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሆነውን ታሪክ ካሞይንሽ የቨርጂልን የሐዘን ልብስ አልብሶ፣ ለአባት እንደ ትንቢት ነገረው።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተንም አለ፤ የጠፋችው ገነትን በ1667 እ.ኤ.አ. በ10 መጻሕፍት አሳትሞ በ1674 ወደ 12 የከፈላት፣ በኤኔይድ ልክ። እሱን ግን ለብቻው ካልሆነ አይነኩትም።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ የኦዲሲን 11ኛ መጽሐፍ ብቻ አንብቡ፣ አጭር ነው። ከዚያ የኤኔይድን 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። የጦርነቱ መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ ሊከብዱ ይችላሉና ለኋላ ይቆዩ፣ 12ኛውን ግን እንዳትዘሉት። በስንኝ የተተረጎመ ካገኛችሁ ከዝርው ይልቅ እሱን ምረጡ።