ለእርግዝና ምርመራ የሚሰጥ የደመወዝ ፈቃድ ምንድን ነው?

«ሠላሳ ቀን የቅድመ ወሊድ ፈቃድ እያላት ለምርመራ ሌላ ፈቃድ የምትጠይቀው ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ድሬዳዋ ውስጥ ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከአሠሪ አፍ ሲወጣ ይገባኛል፤ ፈረቃው ሰው ይጎድለዋል። ሰሞኑን ግን የሠራተኛ ሕግ አዋቂ ነኝ የሚል አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ እንደ ሕግ ትርጓሜ አድርጎ ሲያስተምር አደመጥሁ። ትርጓሜው ስህተት ነው። ከነፍሰ ጡር ሴት ደመወዝ የሚቆርጥ፣ አንዳንዴም ከሥራ የሚያስወጣት ስህተት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 ተለያይተው መነበብ ያለባቸውን ፈቃዶች ይዟል። መጀመሪያ፣ አሠሪው ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር የተያያዘ ምርመራ እንድታደርግ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል፤ እርሷም መመርመሯን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ታቀርባለች። ቀጥሎ፣ ሐኪም እረፍት ካዘዘላት የደመወዝ ፈቃድ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ነው 30 ተከታታይ ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ተከታታይ ቀን ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው። አንዱ ከሌላው ይቀነሳል የሚል ሐረግ በአንቀጹ ውስጥ የለም። አስተያየት ሰጪው ከየት እንዳመጣው ቢናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ሕጉን እንተወውና ሳምንቱን እንቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በ20ኛው፣ በ26ኛው፣ በ30ኛው፣ በ34ኛው፣ በ36ኛው፣ በ38ኛውና በ40ኛው ሳምንት ይቀጥላል። የቅድመ ወሊዱ 30 ቀን የሚጀምረው 36ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ አምስቱ ፈቃዱ ከመጀመሩ በፊት አልፈዋል ማለት ነው። የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ በሽንት ውስጥ የሚታይ ፕሮቲን፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ ደግሞ ወባ፣ እነዚህ ሁሉ ዘጠነኛው ወር እስኪገባ ተቀምጠው አይጠብቁም። «ምርመራውን በሠላሳው ቀን ታድርገው» ማለት «አትመርመር» ከማለት በምን ይለያል?

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናትና በባቡር ላስረዳ። ከዚህ ተነስቶ በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚወጣ ባቡር አስቡ። በየጣቢያው ቆሞ ፍሬኑ ይታያል። ለፍተሻ የቆመበት ሰዓት የጉዞው አካል ነው፤ መንኮራኩሩ አልዞረም ተብሎ የነጂው ደመወዝ አይቆረጥም። መድረሻው ላይ ትልቅ የጥገና ቦታ ስላለ «ፍሬኑን እዚያ ስትደርሱ ታዩታላችሁ» የሚል አለቃ ቢመጣ፣ በዚያ ባቡር ቤተሰቡን የሚያሳፍር የለም። የ30 ቀኑ ፈቃድ ያ መድረሻ ነው፤ የምርመራው ፈቃድ በመንገድ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ናቸው። በየጣቢያው ያለው ሹም ደግሞ ፍተሻው መደረጉን ከነቀኑ ይመዘግባል እንጂ የተሳፋሪውን ሻንጣ አይከፍትም። የሕክምና ማስረጃውም እንደዚሁ ነው። በዚህ ቀን ለእርግዝና ክትትል መጥታ ተመርምራለች የሚል፣ ማኅተም ያለው ወረቀት በቂ ነው። የምርመራ ውጤቷን፣ ከሁሉም በላይ የኤችአይቪ ውጤቷን፣ አምጪ የሚል የሰው ኃይል ክፍል ከሥልጣኑ አልፏል።

ሁለተኛው የተለመደ ማጭበርበሪያ «እሺ፣ ከዓመት ፈቃድሽ ይያዝ» የሚለው ነው። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ስምንት ምርመራ ስምንት ቀን ቢወስድ ግማሹ ሄደ። የሕመም ፈቃድ ላይ መጻፉም አይሻልም። እርግዝና ሕመም አይደለም፤ በዚያ ላይ የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ለመጀመሪያው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ለክትትል የሄደችባቸው ቀናት ከዚያ ከተነሡ፣ በእውነት የታመመች ዕለት የሚጠብቃት ሙሉ ክፍያ አጥሯል። የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜዋን ላልጨረሰች ሠራተኛ አይሰጥም፤ የምርመራው ፈቃድ ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አልተጻፈበትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከስንብት ትጠበቃለች፤ ነገር ግን ጥበቃው ከእርግዝናዋ ጋር የማይገናኝ ጥፋት ሲኖር አይሠራም። አሠሪው የክትትል ቀኖቿን «ቀሪ» ብሎ ሲያጠራቅም፣ እርግዝናዋን ራሱን ወደ ዲሲፕሊን ጥፋት እየለወጠው ነው። ማስረጃዋን በጊዜ ካላቀረበች ግን እኔም ልከራከርላት እቸገራለሁ።

በሌላ በኩል ያለውንም ልናገር። ሕጉ የሚያዘው የሥራ ሰዓቷ ደመወዝ እንዳይቆረጥ ነው፤ የካርድ፣ የመድኃኒትና የአልትራሳውንድ ወጪ በዚህ አንቀጽ በአሠሪው ላይ አልተጫነም። አንቀጹ የሰዓት ገደብ አላስቀመጠም፤ ሰዓቱ የሚለካው ምርመራው፣ ወረፋውና መንገዱ በሚወስዱት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጥታ፣ በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ጠብቃ፣ ከተማ ውስጥ ወዳለ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ሴት ከተማው ውስጥ ከዚራ ሰፈር ባለ ቢሮ ተቀምጣ ጎረቤት ክሊኒክ ከምትገባው ጋር በአንድ ሰዓት አትለካም። ምርመራው ረፋድ ላይ ካለቀና ከተሻላት ግን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ መመለስ አለባት። በምታመርተው ልክ የሚከፈላት ከሆነ ደግሞ «ዛሬ ምንም አላመረትሽም» ተብሎ ዜሮ ሊጻፍባት አይገባም፤ ሥራ ላይ ብትሆን ታገኝ የነበረው ሊታሰብላት ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በአዋጁ ሥር ያለችውን ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሷ ሕግ አላት፤ የሥራ መሪ የሆነችና በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከአዋጁ ሽፋን ውጭ ናቸው፤ የኋለኛዋ መገለሏ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሚስቱን ለክትትል ይዞ የሚሄድ ባልም በዚህ አንቀጽ ፈቃድ አያገኝም፤ የእርሱ ሦስት የደመወዝ ቀን ከወሊድ ጋር የተያያዘ ነው።

ደመወዝ ከተቆረጠባችሁ ከወለድኩ በኋላ እጠይቃለሁ አትበሉ። ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቅ መብት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። በሦስተኛው ወር የተቆረጠ ገንዘብ እስክትወልዱ ድረስ ከተጠበቀ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ማስረጃውን ለአለቃችሁ ስትሰጡ ኮፒውን አስቀሩ፣ የተቀበለው ሰው ኮፒው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ የቆረጡባችሁን ወር የደመወዝ መክፈያ ወረቀትም አብራችሁ ያዙና የሠራተኛ ሕጉ መከበሩን ወደሚከታተለው የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሂዱ።